ጃርቷ በሚያዝያ

«ዛሬ ማታ ናት» አሉኝ እማማ፣ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ። ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የመንገዱ ድካም ሁሉ ከዚያ በኋላ መጣ። «ለነገ ብትለው ኖሮ የምታገኘው የታጠበ ጨርቅ የመሰለ ነገር ነበር። አብሽር፣ ደርሰሃል።»

ወሬው ስለ አንዲት ካክተስ ነው። ወገቡ ላይ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ የተተከለች፣ የሰው ጭንቅላት የምታህል ክብ ተክል ናት። ዙሪያዋን ከላይ እስከ ታች ተሸንሽናለች፤ በየሽንሽኑ ጠርዝ ላይ አጫጭር እሾህ በቡድን በቡድን ተሰክቷል። በዚህ ቤት ስሟ «ጃርቷ» ነው። ሳይንሱ ያወጣላትም ስም ከዚህ አይርቅም፤ ኤኪኖፕሲስ ይላታል፣ ከግሪክኛ ተውሶ፦ ጃርት መሳይ ማለት ነው። የእማማ ልጆች ግሪክኛ አልተማሩም። አይተዋት ነው የሰየሟት።

እማማ የልጅነት ጓደኛዬ እናት ናቸው። ቤታቸው አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል የሚያይ ተረተር ላይ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ዋናውን መንገድ ትተው ወደ ላይ ነው። አብዛኛው ተጓዥ የሚያውቀው ታችኛውን፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ባጸኑት በእስጢፋኖስ ገዳም የታወቀውን ሐይቅ ነው። አርዲቦ ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ፣ በተራራ ታቅፎ ተቀምጧል። ሞልቶ ሲፈስ ውኃው የሚወርደው ወደዚያው ወደ ታችኛው ወንድሙ ነው።

አንዲት አበባ ለማየት ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ መምጣቴን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አልነገርኩም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቤቴ አምስት ካክተስ ነበረኝ፤ አሁን ሁለት ናቸው። ሦስቱ የሞቱት ውኃ ጠግበው ነው። የቀሩት ሁለቱም ቢሆኑ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላበቡም። እማማ ግን ጠዋት ማታ ፍየልና ዶሮ ከሚያተራምሰው ግቢያቸው፣ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር፣ በስልክ የአበባ ፎቶ ያስልኩልኛል። ይህን ነገር ዓይኔ ሳያየው ሊገባኝ አልቻለም።

ከመምሸቱ በፊት አጥሩን ዞርኩት። የዚህ አካባቢ አጥር ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለት «ቁልቋል» ጎን ለጎን ቆመውበታል፤ በሥጋ ግን አይዛመዱም። አንደኛው ባላገሩ ቁልቋል ነው፦ እንደ ትልቅ መቅረዝ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ የሚዘረጋ፣ ባለ ማዕዘን፣ ወተት የሚያፈስ። ሁለተኛው በለስ ነው፦ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ የተቀጣጠለ የሚመስል። ሁለቱም ውኃ በግንዳቸው ያጠራቅማሉ፣ ሁለቱም ቅጠላቸውን ትተው እሾህ አብቅለዋል፤ ስለዚህ አገሩ በአንድ ስም ጠራቸው። እኔም ለብዙ ዘመን ሁለቱም ካክተስ ይመስሉኝ ነበር።

መለያው ቀላል ነው፣ ቢላዋም አያስፈልገውም። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ የጥጥ ትራስ ከምትመስል ነጥብ ነው። ከዚያችው ነጥብ አበባውም፣ አዲሱ ቅርንጫፍም ይወጣል። በለሱን ተጠግታችሁ ብታዩት በየመዳፉ ላይ እነዚህ ነጥቦች በሥርዓት ተሰልፈዋል። ባላገሩ ቁልቋል ላይ ግን ትራሷ የለችም፤ እሾሁ ሁለት ሁለት እየሆነ ከጠርዙ ይበቅላል። ወገኑ ከካክተስ ሳይሆን ከእነ ጉሎ ነው። ከ1700 በላይ የሚሆኑት የካክተስ ዝርያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የአሜሪካ ልጆች ናቸው፣ ከካናዳ እስከ ፓታጎንያ። አንዲት በዛፍ ላይ የምትንጠለጠል እሾህ አልባ ዝርያ ብቻ ራሷን ችላ በአፍሪካ ጫካዎችና በስሪላንካ ትገኛለች፤ ወፍ አምጥቷት ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ስለ ባላገሩ ቁልቋል ለውጭ ሰው በዝርዝር ከነገሩት ቀዳሚዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። የጎንደርን ቤተ መንግሥት አይቶ ከተመለሰ በኋላ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን ስሉን ጨምሮ፣ ስሙን በእኛው አጠራር «ኮልኳል» ብሎ አስገብቶታል። ቅርንጫፍ ቢቆርጥ ወተቱ እንደ ጉድ መፍሰሱን፣ የነካው ቆዳም መቃጠሉን ጽፏል። ለእማማ ይህ ዜና አይደለም። «ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ ልጆቹን ከዚያ ጋር አታጫውታቸው» ብለው የልጅ ልጆቻቸውን ከአጥሩ ጥግ መለሷቸው። ትክክል ናቸው፤ ወተቱ ዓይን ከነካ በብዙ ውኃ ቶሎ ማጠብና ሐኪም ዘንድ መሮጥ እንጂ መዘናጋት አያስፈልግም።

በለስ ግን እንግዳ ነው፣ እንግድነቱም በስሙ ላይ ተጽፏል። በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ቁልቋል» የሚሉት አሉ። ቀድሞ የምናውቀውን ቁልቋል የሚመስል፣ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማለት ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው የተሰየመው፤ በቆሎም በጥንቱ አጠራር የባሕር ማሽላ ነበር። አገሩ መጤን ሁሉ በዚህ ማኅተም ይቀበል ነበር ማለት ነው። «በለስ» የሚለው ደግሞ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ግእዙ በለስ የሚለው ያንን በቅጠሉ አዳም የተሸፈነበትን ዛፍ ነው። የሚገርመው ዓረቡም ይህንኑ ፍሬ «እሾሃማው በለስ» ይለዋል፤ የላቲኑ ስም ደግሞ «የሕንድ በለስ»። ሕንድ ያሉት አሜሪካን ነው፤ ኮሎምቦስ የተሳሳተውን ስህተት ተክሉ እስከ ዛሬ ተሸክሞታል። ወደ እኛ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ በቀይ ባሕር በኩል፣ በካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ ነው ይባላል። ከትግራይ ወደ ራያ፣ ከራያ ወደ ወሎ ወርዶ ዛሬ ከአጥሩ ጋር ተዋህዷል። ክረምት ላይ በደሴ መንገድ ዳር ልጆች ልጠው የሚሸጡት ይኸው ነው።

ቡናው ሲቀርብ ጥያቄዬን አነሳሁ። ፈረንጅ የጻፈው የካክተስ መጽሐፍ ሁሉ «በጸደይ ያብባል» ይላል። የትኛው ጸደይ?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ጸደይ ማለት መስከረም፣ አደይ አበባ፣ እንቁጣጣሽ እንደሆነ ነው። የአባቶች የዘመን ቀመር ግን እንዲህ አይልም። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ቀጥሎ በጋ አለ፣ እስከ መጋቢት 25። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ከዚያ ክረምት ይገባል። የአበባው ወቅት በእኛ አገር መስከረም ስለሆነ፣ የፈረንጁ የአበባ ወቅት ደግሞ «ጸደይ» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ ቃሉ በግማሽ ዓመት ተሳስቶ ሰው ልብ ውስጥ ገባ። ካክተስ ግን የትርጉም ስህተቱን አልሰማችም። የምታብበው በአባቶች ጸደይ ነው።

እማማ ሁለቱንም ክርክር ጆሮ አልሰጡትም። «ጸደይ የምትለው በልግን ነው?» አሉ።

አዎ፣ በልግን ነው። ወሎ በዓመት ሁለቴ ዝናብ የሚጠብቅ አገር ነው። ዋናው ክረምት አለ፤ ከእሱ በፊት ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር በልግ። በልጉን ተማምኖ የሚዘራ ገበሬ ብዙ ነው፤ የበልግ መቅረት እዚህ የዕለት ወሬ ሳይሆን የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው። ጃርቷም የዚሁ አገር ገበሬ ሆናለች። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅ ፀሐይ፣ ሌሊቱን ብርድ ትቀበላለች፤ ከዚያ አንድ ቀን የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ይወርዳል። ከሳምንታት በኋላ ከእሾሁ መካከል ግራጫ ጸጉር ያላት ኪንታሮት የምታህል ነገር ብቅ ትላለች።

የውጭ መጻሕፍት ስለ ቀን ርዝመት ብዙ ይጽፋሉ። በለንደን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ከ8 ሰዓት በላይ ልዩነት አለ፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ተክል ወቅቱን ከብርሃኑ ማወቅ ይችላል። አርዲቦ ያለው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚህ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ዋናው ደወል ሌላ ነው፦ ድርቁና ብርዱ። ካክተስ አሳዳጊዎች አውሮፓ ውስጥ ተክላቸው እንዲያብብላቸው ክረምታቸውን ሙሉ፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ያለ ውኃ ያስቀምጡታል። ለዚህ ብለው የመስተዋት ቤት ይሠራሉ፣ ማሞቂያ ይቀንሳሉ። የወሎ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ይህንኑ በነጻ ይሰጣል፤ ቀኑ ጠራራ፣ ሌሊቱ ውርጭ አፋፍ ላይ፣ ሰማዩ ደረቅ።

የእኔ ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ ለካክተሶቼ በጋ ነፍጌያቸዋለሁ። ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃ ጀርባ፣ በየቅዳሜው አንድ ብርጭቆ ውኃ። ብርሃን ሲያጥራት አንደኛዋ እንደ ሻማ ቀጥናና ገርጥታ ወደ መስኮቱ ተሳበች። ይህን አይቼ ደንግጬ ሰገነት ላይ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ ባወጣት በሦስት ቀን ጎኗ ተቃጥሎ ቡናማ ጠባሳ ያዘች፤ ለካ ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው። ሌላዋ ከመንገድ ዳር የገዛኋት፣ አናቷ ላይ ቀይ ኳስ የተቀመጠባት ነበረች። ቀዩን አበባ መስሎኝ ስንት እንግዳ አሳይቻለሁ! በኋላ ሳነብ አበባ አይደለም፤ አረንጓዴውን ቀለም ሳይዝ የተፈጠረ፣ ራሱን መመገብ የማይችል ካክተስ ነው። በሌላ ካክተስ ግንድ ላይ ተዳቅሎ በሰው ማዕድ ይኖራል። ጥበቡን ያስፋፉት ጃፓኖች ናቸው። ያቺ ምስኪን እንኳን ልታብብ፣ የሥሯ ግንድ በስብሶ በክረምት ወደቀች።

እማማን እንዴት እንደሚያሳድጓት ጠየቅኳቸው። «አሳድጌያት አላውቅም» አሉ፤ ሳቁ። ቀስ እያልኩ ሳወጣጣቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለ። ሐምሌ ሲገባ ጀሪካኗ ከጣራው ጠብታ ርቃ በረንዳ ሥር ትገባለች። መጽሐፉ «በበጋ ውኃ አጠጡ» ቢልም የእኛ ሐምሌ የእነሱ ሐምሌ አይደለም፤ ቀዝቃዛ፣ ደመናማ፣ ዝናብ ያልተለየው ነው፣ ካክተስ የሚበሰብሰውም ያኔ ነው። መስከረም ላይ ትወጣለች። ጥቅምት ሲጠባ የፍየሎቹ ቤት ግንብ ላይ ትሰቀላለች፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ትሰበሰባለች፣ ሽንሽኖቿ ይጠባሉ፣ ከጎኗ ትጨማደዳለች። የመጀመሪያው በልግ ሲጥል ውኃ ትጠጣለች። በልጉ ከዘገየ ደግሞ ሲኒ የታጠበበት ውኃ አለ።

አፈሩ ከጓሮው ጥቁር ዋልካ አይደለም፤ ዋልካ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። መንገድ ሲሠራ የተረፈ ገረጋንቲ በወንፊት ተነፍቶ፣ ከአሸዋና ከጥቂት ቀይ አፈር ጋር ተደባልቋል። የጀሪካኗ ሥር በጋለ ሚስማር ስድስት ቦታ ተበስቷል። ፍግ? «ፍግ የሰጠኋት ዓመት ወፈረች እንጂ አላበበችም።» ማዳበሪያ ናይትሮጅን ሲበዛበት ተክሉ አካል ይጨምራል፣ አበባ ይረሳል፤ የእማማ አባባል ግን አጭር ነው፣ እኔም ከዚህ አላረዝመውም።

ከዚያ ሳይጠየቁ የ2014ን ነገር አነሱ። ጦርነቱ የደረሰ ጊዜ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቤቱን ዘግተው ወጡ፤ የተመለሱት በታኅሣሥ ነው። ፍየል የለም፣ ዶሮ የለም፣ በሩ ተገንጥሏል። «ጀሪካኗ ግን ግንቡ ላይ እንደተሰቀለች አገኘኋት። እሾህ ማን ይወስዳል?» አሉ። በዚያ ዓመት ሰባት አበባ አወጣች፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰባት አውጥታ አታውቅም። ይህን የተናገሩት ስለ ገረጋንቲው በተናገሩበት በዚያው ድምፅ ነው፤ ቀጥለውም ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱልኝ።

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ጃርቷ ከግንቡ ወርዳ በረንዳው ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ከበቧት። ያቺ ኪንታሮት አሁን ከጎኗ ወጥቶ ወደ ላይ የተቀሰረ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ጸጉራም ቱቦ ሆናለች፤ ጫፉ ላይ እንደ ጦር የሾለ እንቡጥ አለ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ጫፉ ላላ። የውጪዎቹ፣ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለባቸው ቀጫጭን ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተቆለመሙ። ዓይን ሲተኩርበት የማይንቀሳቀስ ይመስላል፤ ቡና ለመቀበል ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ግን ሌላ ቦታ ደርሷል። ትንሹ ልጅ ይህን አወቀበትና ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ሃያ እየቆጠረ መክፈት ጀመረ።

ሁለት ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ማንም አልተነጫነጨም። ጨለማው ውስጥ አበባዋ ብቻ ቀረች፣ ነጭ፣ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን የምታህል። በስልኬ ብርሃን ከጎን ሳበራባት ውስጧን አየሁት፦ ከጉሮሮዋ ዙሪያ አንድ ረድፍ ወንዴ ዘር እንደ አክሊል ቆሟል፤ ሌላው ረድፍ ደግሞ እንደ ተነጠፈ ሣር ታችኛው ወለል ላይ ተኝቷል። መካከል ላይ ሴቴዋ አረንጓዴ ጣቶቿን ዘርግታለች። ሽታዋ ቀጭን ነው፣ የሎሚ አበባን ያስታውሳል፤ አፍንጫን ካላስጠጉ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለእኛ አልነበረም። ነጭ መሆኗ፣ በሌሊት መከፈቷ፣ ያ ረጅም ቱቦ ሁሉ የተሰናዳው በትውልድ አገሯ በደቡብ አሜሪካ ምላሱ ረጅም ለሆነ የእሳት እራት ነው። አርዲቦ ዳርም የእሳት እራት አለ፤ አንዱ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞራትና ወደ ሻማው ሄደ። ቢገባም ለፍሬ አያበቃትም ነበር። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በራሳቸው ዘር አያፈሩም፤ በዚህ ሰፈር ያሉት ጃርቶች ደግሞ ሁሉም ከአንዲት እናት ተቆርጠው በቡና መጠጫ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሄዱ ግልገሎች ናቸው። መንደሩ ውስጥ ከአሥር በላይ ጀሪካን አለ፣ ተክሏ ግን አንድ ናት። እማማም መጀመሪያ ያገኟት ደሴ ለለቅሶ ሄደው ከአንድ ቤት ነው፤ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው አመጧት፣ ነጠላው አሁንም ቀዳዳ አለው።

ሦስተኛው ሲኒ ሲወርድ ልጆቹ ተኝተው ነበር። ከሐይቁ በኩል እንቁራሪት ይጮኻል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዚህች ሌሊት የሚገባ ነገር ስለሆነ፦ ካክተስ የምትተነፍሰውም በሌሊት ነው። ሌላው ተክል ቀን በፀሐይ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አየር ሲያስገባ ውኃውም አብሮት ይተናል። ካክተስ ቀን ትዘጋለች፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከፍታ የሚያስፈልጋትን አየር አሲድ አድርጋ ታስቀምጣለች፣ ቀን በሯን ዘግታ ትጠቀምበታለች። ሜክሲኮዎች የበለስ መዳፍ እንደ ጎመን ይበላሉ፤ ማለዳ የተቆረጠው እንደሚኮመጥጥ፣ ከረፋድ በኋላ የተቆረጠው እንደሚለዝብ ያውቃሉ። ምክንያቱ ይኸው የሌሊት ስንቅ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ካልሆነ ይህ አሠራር ይደክማል፤ ሳሎኔ ውስጥ ሌሊትም ቀንም አንድ ዓይነት ሙቀት ነበር።

ጠዋት ስነሳ ጃርቷ ገና ክፍት ነበረች፤ ከጫፏ ግን መላላት ጀምራለች። ተራው የበለሱ ሆነ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአጥሩ ላይ ቢጫ አበባዎች ተከፈቱ፣ ብዙ፣ በየመዳፉ ጠርዝ ላይ እንደ ጣት ተደርድረው። የበለስ አበባ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ በማግስቱ ወደ ብርቱካን ቀለም ያዘነብልና ይከደናል። አንድ ነገር ሞክሩ፦ የሣር ጫፍ ይዛችሁ ውስጥ ያሉትን ቢጫ ክሮች በቀስታ ንኩ። ክሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። ዓይናችሁ እያየ፣ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ፣ ወደ መሃል ይታጠፋሉ። ንብ ስትገባም እንዲሁ ነው፤ አቅፈው በዱቄት ይለውሷታል። እዚያ አጥር ሥር ተቀምጬ ስንት አበባ እንደነካሁ አላውቅም፤ ትንሹ ልጅ አጠገቤ ነበር፣ ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት ነበረው።

ከአበባው ሥር ያለችው አረንጓዴ እብጠት በክረምት የምንበላት ፍሬ ትሆናለች። እሷም እንደ መዳፉ የጥጥ ነጥቦቿን ይዛለች፣ ምክንያቱም ልጣጯ በእርግጥ ግንድ ነው፤ ግንዱ አበባውን ዙሪያውን ከድኖ ነው ፍሬ የሚሆነው። ሳትበስል አፈር ላይ ብትወድቅ ሥር አውጥታ ሌላ በለስ ልትሆን ትችላለች። የሚያስቸግረው ትልቁ እሾህ አይደለም፤ ነጥቧ ላይ ያለው ዓይን የማያየው ብናኝ እሾህ ነው። እዚህ ፍሬውን ጫፉ በተሰነጠቀ እንጨት ይለቅሙትና ሣር ላይ በቅጠል እያንከባለሉ ይጠርጉታል። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ በባዶ እጄ ነካሁት፤ እስከ ደሴ ድረስ ጣቴን እየላስኩ ሄድኩ።

በለሱን ስመረምር አንድ ነገር እየፈለግኩ ነበር፣ አላገኘሁትም፣ እሰይ። በመዳፉ ላይ የተለጠፈ የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር። በጣት ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣዋል። ኮቺኒል የሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው፤ በለስ ላይ ብቻ ይኖራል፣ ጭማቂውን ይመጥጣል። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምሮ ልብሳቸውን ቀይ ያነከሩት በእሱ ነው፣ ስፔኖች ከብር ቀጥሎ የከበሩበት ሸቀጥ ነበር፤ ዛሬም በከንፈር ቀለምና በምግብ ውስጥ «ኢ 120» እየተባለ አለ። ለአንድ ኪሎ ከ100,000 በላይ ነፍሳት ያስፈልጋሉ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለገበሬው የገቢ ምንጭ ይሆናል ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ነፍሳቱ እየተለቀመ ሲሸጥ በልኩ ይቆያል፤ መልቀሙና ገበያው ሲቋረጥ ግን ማን ይከልክለው? የራያን በለስ ከኮረብታ ኮረብታ እየበላ አደረቀው። በለስ እዚያ በችግር ወር የልጆች ምሳ፣ የከብት መኖ፣ የአጥር ማገር ነበር። ወሎ ያለ ሰው አጥሩን አዘውትሮ ቢያይ የሚጎዳው ነገር የለም። ቤት ውስጥ ባለ ካክተስ ላይ ነጭ ጥጥ ካያችሁ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዘመዱ ነው፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጋችሁ ለብቻዋ አግልሏት።

ልሄድ ስነሳ እማማ በእጃቸው ጨርቅ ጠምጥመው ከጃርቷ ሥር አንዲት ግልገል ነቀሉ። እንቁላል ታክላለች። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ደርሰህ ወዲያው እንዳትተክላት» አሉ። «ቁስሏ ይድረቅ። ሁለት ሳምንት።»

«ውኃስ?»

«አፈር ስሆን፣ ውኃ የሚባል ነገር ተወኝ።»

በስንተኛው ዓመት እንደምታብብ ጠየቅኳቸው። ሦስት ሊሆን ይችላል፣ አራትም፤ እንደ ግንቡ ነው አሉ። የምኖረው ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ግንብ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ሰገነት የለህም?» አሉ። አለኝ። «ታዲያ በጥቅምት አውጣትና ቁልፉን ለጎረቤት ስጥ።»

ባጃጁ ውስጥ ጋዜጣውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር፤ ሐይቅ ከተማ ሳንደርስ ሱሪዬን በስታ ገባች። ከኋላችን ጃርቷ ያን ጊዜ ተከድና ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። መስኮቱ ላይ፣ ጋዜጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የተነቀለችበት ቦታ እንደ ቡሽ ደርቋል፣ ጎኗ ትንሽ ተጨማዷል። ውኃ ማጠጫው ኩሽና በር ሥር አለ። እስካሁን አልነካሁትም።